ፀብ የሌለበት ዋርድ ያስፈራኛል

ባለፈው ከናይት (ከሌሊት ተረኛ) ወጥተን ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው ጀበና ቡና ጋ ቁጭ ብለን አንዷ የሌላ ሆስፒታል ነርስ "እኛ ዋርድ እኮ ፀብ ሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ተከባብሮ ነው ሚሰራው" አለችን ኮራ ብላ። እኔ ደሞ ለምን እንደሆነ እንጃ ደስ አላለኝም። እኔም ነርስ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜዬን ሜዲካል ዋርድ (የውስጥ ደዌ በሽተኞች ተኝተው ሚታከሙበት ክፍል) ነው ያሳለፍኩት፣ እና እስካሁን ያየሁት ሰላማዊ ዋርድ ሁለት አይነት ነው፤ አንዱ ተጣልቶ ተጣልቶ የተግባባ፣ ሌላው ደሞ ማንም ማንንም ማናገር ያቆመበት። ከበር ላይ ሆነህ ስታያቸው ሁለቱም ፀጥ ያሉ ናቸው፣ አይለዩም። "የናንተ የቱ ነው?" ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ይሉኝታ ያዘኝና ቡናዬን ፉት አልኩ። ይሄን ይሉኝታ የሚሉትን ነገር ያዙልኝ፣ ወደታች እንመለስበታለን።

ዛሬ ላወራ የፈለኩት ስለዚ ስለ ቲም ነገር ነው። አንድ ቦታ ላይ የተመደቡ ሰዎች እንዴት አርገው ነው ቲም ሚሆኑት፣ ለምንስ መሃል ላይ ይናቆራሉ፣ ሆስፒታል ሲሆን ደሞ ለምን ነገሩ ይወሳሰባል። ስልጠና የገባችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ፕሮጀክተር ላይ አራት የእንግሊዝኛ ቃል ይደረደራል፣ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳል፣ ሻይ እረፍት ይወጣል፣ አበል ይፈረምና ወደ ቤት። ቃላቶቹ ግን ከየት እንደመጡ ሲነገር ብዙም ሰምቼ አላውቅም፣ ከየት እንደመጡ ካላወቅን ደሞ የት ጋ እንደማይሰሩም አናውቅም።

ሰውየው ብሩስ ታክማን ይባላል፣ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ (ከዚህ በኋላ ምጠራቸው ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው) ሜሪላንድ ውስጥ ቤቴስዳ የሚባል ቦታ ባለው የአሜሪካ ባህር ኃይል የህክምና ምርምር ተቋም ይሰራ ነበር። ባህር ኃይሉ ጥቂት ሰዎች ለረጅም ጊዜ ጠባብ ቦታ ላይ ተዘግተው ሲሰሩ ምን እንደሚሆኑ ማወቅ ይፈልግ ስለነበር ታክማን ስለ ትንንሽ ቡድኖች የተፃፉ 50 ፅሁፎችን ሰብስቦ ማንበብ ጀመረ፣ ከዛ ሁሉም ውስጥ የሚመላለስ አንድ ቅደም ተከተል አየሁ ብሎ በ1965 አሳተመው። ፎርሚንግ፣ ስቶርሚንግ፣ ኖርሚንግ፣ ፐርፎርሚንግ። በ1977 ደሞ ከሜሪ አን ጄንሰን ጋር ሆኖ አምስተኛ ጨመረበት፣ አድጆርኒንግ። በኛ አፍ መተዋወቅ፣ መናቆር፣ መስማማት፣ መስራት፣ መበተን ብንላቸው ብዙ አንሳሳትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሰውየው ለዚህ ፅሁፍ ራሱ ቡድን ሰብስቦ የሰራው ሙከራ የለም፣ ያነበበው ሌሎች የፃፉትን ነው። ካነበባቸውም ውስጥ ብዙዎቹ ስለ ግሩፕ ቴራፒ ነበሩ፣ ማለትም ክብ ሰርተው ተቀምጠው ስለ ጭንቀታቸው ሚያወሩ ሰዎች። ይሄን ድክመት እሱም አልደበቀውም፣ ፅሁፉ ላይ አስቀምጦታል። እኛ ጋ ግን ፕሮጀክተር ላይ ሲወጣ እንደ ፊዚክስ ህግ ነው ሚቀርበው።

ለማንኛውም ሃሳቡን ለመረዳት ታክሲ በቂ ነው። ከሜክሲኮ ፒያሳ የሚሰራ ሚኒባስ ላይ አዲስ ረዳት ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያ ቀን ከሹፌሩ ጋ "እሺ ወንድሜ" "እሺ" ነው፣ ልጁ በር እንኳን ቀስ ብሎ ነው ሚዘጋው። በሦስተኛው ቀን "ማነው እዚ ጋ ጫን ያለህ፣ ትራፊኩ አይታይህም?" "አንተ አይደለህ እንዴ የቆምከው!" ተሳፋሪው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። ወር ሲሞላው ልጁ ጎኑን አንዴ መታ ሲያደርግ ሹፌሩ ዞር ሳይል ይነሳል፣ ሁለቴ ሲመታ ይቆማል፣ ማንም ምንም አይልም። ከዛ አንድ ቀን ባለቤቱ መኪናውን ይሸጠዋል። በቃ አምስቱም ደረጃ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋርዳችን እንግባ። መተዋወቅ የሚባለው ደረጃ ለምሳሌ አዳዲስ ኢንተርኖች (በየዋርዱ እየዞሩ ሚለማመዱ ጀማሪ ሀኪሞች) ሮቴሽን ቀይረው ሲመጡ ያለው ሳምንት ነው። ሁሉም ጨዋ ነው፣ ሁሉም "እሺ" ይላል፣ ያልገባውም እሺ ይላል። የዚህ ሳምንት ትልቁ ጥያቄ ስራው እንዴት ነው ሚሰራው አይደለም፣ እዚህ ቤት ማነው ትልቁ፣ ማን ይቆጣል፣ ምን ብል እሳቃለሁ የሚል ነው። እኛ ጋ ደሞ አንድ የሚያባብስ ነገር አለ፣ ስም አንጠራራም። "ዶክተር!" ብለህ ኮሪደር ላይ ስትጣራ አራት ሰው ይዞራል፣ "ሲስተር!" ስትል የቀሩት ይዞራሉ። ሴት ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማሩ ያሉ ዶክተሮች) ስቴቶስኮፕ አንገታቸው ላይ አርገው ራውንድ ሲመሩ ውለው አስታማሚው ሁሉ ሲስተር ሲላቸው ይውላል፣ አብሯቸው ያለውን ገና ተማሪ የሆነ ወንድ ልጅ ደሞ ዶክተር ይለዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ስሙን የማታውቀውን ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ደውለህ "ይሄ ነገር ልክ አልመሰለኝም" ማለት ይከብዳል፣ ሞክሩት።

መናቆር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዛሬ ስንት አመት፣ እኔም ገና ጀማሪ ሳለሁ ነው፣ የሆስፒታሉ ስም ይቅር። የኢንተርኖች ሮቴሽን የተቀየረበት ሳምንት ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዱ አዲስ ኢንተርን ቻርት (የበሽተኛ ፋይል) ፈልጎ አጣ፣ ለካ ቻርቱ ከበሽተኛው ጋር ራጅ ክፍል ሄዷል፣ እሱ ግን ኮሪደር ላይ አስታማሚ ሁሉ እየሰማ "እዚህ ቤት ስራ የሚሰራ ሰው አለ?" ብሎ ጮኸብኝ። ምንም አላልኩትም። በሆዴ ግን ካሁን በኋላ ካንተ ጋ ቃል አልለዋወጥም ብዬ ማልኩ። ማታ 12 ሰዓት ገደማ ራት ከመታደሉ በፊት የኢንሱሊን ሰዓት ደረሰ። አልጋ 8 ላይ ስኳር ያለበት ወጣት ነበር፣ እናቱ ናቸው ሚያስታምሙት። ኦርደሩን (የሀኪሙን ትዕዛዝ) ገለጥኩ፣ የዛው ኢንተርን ፅሁፍ ነው፣ 100 ይላል። ለኔ 100 ነበር ሚለው። እሱ የፃፈው 10 ነው፣ ከጎኑ ዩኒት ለማለት የእንግሊዝኛዋን ዩ ፊደል አስጠግቶ፣ ግን ሲቻኮል የፊደሏን አፍ ገጥሞታል፣ ገጠማት ማለት ደሞ ዜሮ ሆነች ማለት ነው።

የኢንሱሊን ሲሪንጅ ላላየ ሰው፣ ቀጭን ነች፣ አንድ ሚሊ ብቻ ነው ምትይዘው፣ እስከ 100 በመስመር የተከፋፈለች። 10 ዩኒት ማለት ታች ጫፏ ጋ ያለች ጠብታ ነገር ናት። 100 ማለት ሙሉዋን። ቀዳሁ፣ እስከ ላይ ሞላች፣ እጄ ላይ ሳያት ሆዴ ባር ባር አለኝ። ስልኩ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ግን የከሰዓቱ ፊቱ መጣብኝ፣ ደሞ ልሰደብ? አልኩ። "ሲኒየሩ (የበላይ ሀኪሙ) አይቶት ይሆናል" ብዬ ለራሴ ዋሸሁና ወደ አልጋው ሄድኩ። ክንዱን በአልኮል እየጠረግኩ እናትየው ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አርገው "የኔ ልጅ፣ ትናንት እኮ እዚች ጋ ነበረች፣ ዛሬ በዛችሳ?" አሉኝ፣ በጣታቸው የሲሪንጇን ታችኛውን ጫፍ እያሳዩኝ።

ተመለስኩና ደወልኩ። "አስር ነው አስር!" አለኝ እንደተቆጣ፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ "ስንት ቀዳሽ?"። "መቶ" አልኩት። ስልኩ ዝም አለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በነጠላ ጫማ ከዲዩቲ ክፍል (ተረኛ ሀኪም ከሚያርፍበት) እየሮጠ መጣ።

በነጋታው ጠዋት ነርስ ስቴሽን ላይ ተፋጀን። እሱ "ሳትጠይቂ እንዴት ትቀጃለሽ" ይላል፣ እኔ "ፅሁፍህ አይነበብም፣ አፍህም አያስጠይቅም" እላለሁ። ሄድ ነርሳችን ጡረታ የደረሰች ሴት ናት፣ ሁለታችንንም እየነዳች ሊኔን ክፍል (አንሶላ ሚቀመጥበት) አስገባችንና በሩን ዘጋችው። "መጀመሪያ ስለ ኢንሱሊኑ ተናገሩ፣ ስለ ጩኸቱ በኋላ" አለች። በቃ ይቺን ብቻ። ስለ ኢንሱሊኑ ስንነጋገር አስር ደቂቃ አልፈጀብንም፤ ዩኒት የምትለው ቃል ሙሉዋን ትፃፋለች፣ ኢንሱሊን ሲቀዳ ሁለተኛ ሰው አይቶ ይፈርማል፣ አስታማሚ ካለ መጠኑ ይነገራቸዋል። ስለ ጩኸቱ ደሞ "የሰደብካት ኮሪደር ላይ ነው፣ ይቅርታውም እዛው ይሁን" አለችው። አደረገውም፣ ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ግን አደረገው።

ያቺ ሴት ይሄን ከየትም ኮርስ አልተማረችውም መሰለኝ፣ ያደረገችው ግን ስለ ግጭት የሚያጠኑ ሰዎች ብዙ የደከሙበትን ነገር ነው። ካረን ጄን የምትባል ተመራማሪ በ1990ዎቹ የቡድን ግጭትን በአይነት ለየችው፣ አንዱ ስለ ስራው የሚነሳ ነው፣ ይሄ መድሃኒት ልክ ነው አይደለም፣ ሌላው ስለ ሰውየው ነው፣ አንተ ንቀኸኛል፣ እሷ ትጠላኛለች። ሦስተኛም ጨመረች፣ ስለ አሰራር፣ ማነው ሚሰራው፣ መቼ፣ በማን ተራ። መጀመሪያ አካባቢ ሰው ሁሉ የያዘው ሃሳብ የስራ ግጭት ጥሩ ነው፣ የሰው ግጭት መጥፎ ነው የሚል ነበር፣ ደስ ይላል፣ ለስልጠናም ይመቻል። በ2003 ግን ዴ ድሩ እና ዋይንጋርት የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩት የስራ ግጭቱም እንደ ሰው ግጭቱ ከደካማ ውጤት ጋር አብሮ ተገኘ። ለምን ሲባል፣ ሁለቱ በተግባር አይነጣጠሉም። ስለ ኢንሱሊን ሚጀምረው ንግግር ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስለ እናትና አባትህ አስተዳደግ ይሆናል። ከዛ በኋላ በ2012 የወጣ ሌላ ተመሳሳይ ስብስብ ጥናት ደሞ ሁለቱ ሳይደባለቁ ሲቀሩ የስራ ግጭቱ ያን ያህል እንደማይጎዳ አሳየ። ሄድ ነርሷ በሩን ዘግታ ያደረገችው እሱን ነው፣ ነጠለቻቸው።

(ስለ ዩ ፊደል ደሞ እኔ ብቻ አይደለሁም የተሳሳትኩት፣ ነገሩ አለም ላይ ያለ ነው። የአሜሪካን ሆስፒታሎች የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን ከ2004 ጀምሮ አትፃፉ ካላቸው አህፅሮቶች ውስጥ አስገብቷታል። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቀለለኝ።)

አሁን ሦስተኛውን አይነት፣ የአሰራር ግጭቱን፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ እኛ ጋ ብዙው ፀብ እሱ ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። አንዲት ጓደኛችን ካዛንቺስ ነበር ቤቷ፣ በእግሯ ነበር ምትመጣው፣ ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ከተማው ዳር ሄደች። ከዛ ወዲህ ሃንድኦቨር (በሽተኛ መረካከብ) ላይ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት አንዳንዴ ከዛ በላይ። የምትጠብቃት ልጅ ደሞ ህፃን ቤት ትታ የመጣች ናት፣ ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማታል። መጀመሪያ "ታክሲ አጣሁ" "አይዞሽ"፣ ከዛ "ሁሌ ታክሲ!"፣ ከዛ መኮራረፍ፣ ከዛ ሃንድኦቨሩ ራሱ ሁለት ቃል ሆነ፣ "አልጋ 3 አንቲባዮቲክ ተሰጥቷል፣ ቻው"። ስለ አልጋ 3 መነገር የነበረበት ሌላው ሁሉ ቀረ። ሁሉም ሰው እነሱን ሊያስታርቅ ሽማግሌ ሆነ፣ አንዷ አኩራፊ ናት ተባለ፣ አንዷ ሰነፍ ናት ተባለ። መፍትሄው ግን የሺፍት ሰሌዳ ላይ ነበር፣ የቤቷን ርቀት አይቶ ሺፍቷን የሚቀይር ሰው ጠፍቶ ነው ሁለት ጥሩ ሰዎች ጠላት የሆኑት። አሁን አሁን ሁለት ሰው ሲጣላ ከሰዎቹ በፊት ሰሌዳውን፣ አልጋውን፣ የጓንት ካርቶኑን ነው ማየው። እቃ ሲያልቅ ሰው ይጣላል። ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ውስጥ ሰርጀኑ "ኬዙ ይግባ" ሲል አኔስቴቲስቱ (ማደንዘዣ ሰጪው) "ደም ሳይዘጋጅ አላስገባም" ካለ ይሄ የባህርይ ጉዳይ አይደለም፣ ሁለቱም ስራቸውን እየሰሩ ነው።

መስማማት የሚባለው ደረጃ ላይ ቲሙ የራሱን ደንብ ያወጣል፣ የተፃፈም ያልተፃፈም። ሰው ይሄን ሲሰማ ጥሩ ነገር ብቻ ይመስለዋል። ዩኒት በሙሉ ቃል ትፃፍ ደንብ ነው። "ሲኒየሩ ሌሊት አይደወልለትም" ደሞ እሱም ደንብ ነው፣ የትም አልተፃፈም ግን አዲስ የመጣ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ያውቀዋል፣ አንዱ በጆሮው ሹክ ይለዋል። ስለዚ ቲም ተስማማ ሲባል በምን ላይ ተስማማ ብሎ መጠየቅ ነው።

ስለ አራተኛው ብዙ ማወራው የለኝም፣ ሲሰራ ይታወቃል፣ ልክ እንደዛ ረዳት መታ ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ በሽተኛ ድንገት ሲወድቅ አንዱ ደረት ሲጫን አንዱ ኦክስጅን ሲጎትት አንዱ ሰዓት ሲይዝ፣ ማንም ማንንም ሳያዝ። አምስተኛውን ግን እኛ ጨርሶ እንዘለዋለን። ኢንተርኖች ሮቴሽናቸው ያልቃል፣ አንድ ቀን ጠዋት የሉም፣ ሌላ ፊት አለ። ከነሱ ጋር ስንት የተጣላንበትና የተስማማንበት ነገር ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ቡና ተፈልቶ "ምን ተማራችሁ፣ ለሚመጡት ምን እንንገር" መባል ነበረበት።

እና የታክማን ሞዴል ሆስፒታል ውስጥ ሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ሞዴሉ አንድ ቡድን አለ፣ አባላቱ አይቀየሩም፣ ከአንድ እስከ አራት ደረጃ በደረጃ ይወጣል ብሎ ነው ሚያስበው። የኛ ቲም ግን በቀን ሁለት ሦስቴ ይቀየራል። ዛሬ ማታ ከኔ ጋ ያለው ሬዚደንት ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ ያለችው ነርስ የፋርማሲውን ልጅ አይታው አታውቅም። ብዙ ቡድን መተዋወቅ ላይ ይጀምርና እዛው መተዋወቅ ላይ ያልቃል። ማለት መናቆሩ ጋ እንኳን አይደርስም። እና ያ ቡና ላይ የኮራችው ልጅ ያለችው ሰላም፣ እኔ ስጠረጥር፣ የመጀመሪያው ደረጃ ጨዋነት ነው፣ ይሉኝታው፣ "እሺ ዶክተር" "እሺ ሲስተር" የሚለው። እኔም ያን ማታ ሲሪንጅ ሞልቼ ስሄድ ቢያዩኝ በጣም ሰላማዊ ነበርኩ።

ሌሎችም ይሄን ደረጃ በደረጃ የሚለውን ተቃውመውታል። ኮኒ ገርሲክ የምትባል ተመራማሪ በ1988 ባወጣችው ጥናት ስምንት ቡድኖችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስትከታተል አንዳቸውም ደረጃውን ተራ በተራ ሲወጡ አላየችም፣ እንደጀመሩ ይሄዱና ልክ የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ላይ ሲደርስ ይባንናሉ፣ ሁሉን ነገር ገልብጠው እንደ አዲስ ይይዙታል። የሆስፒታል ኮሚቴ ውስጥ የሰራ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፣ ኦዲት ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እኮ ነው ሁሉም ሰው ሚነቃው።

ከሁሉ ግን እኔን የገረመኝ የኤሚ ኤድመንድሰን ነው። ሃርቫርድ ነው ምታስተምረው፣ በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ባሉ ቡድኖች ላይ የመድሃኒት ስህተት ስታጠና ጥሩ የሚግባባ ቲም ትንሽ ስህተት ይኖረዋል ብላ ጠበቀች። ቁጥሩ የመጣው ተገልብጦ ነው፣ ጥሩ የሚባሉት ጋ የተመዘገበው ስህተት ይበልጣል። በኋላ ሲገባት፣ እነዛ ብዙ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ስለሚናገሩ ነው። ሌሎቹ ጋ ስህተቱ አለ፣ ግን ተቀብሯል። በ1999 ባሳተመችው ስራዋ ይሄን ሳልፈራ ብናገር አልዋረድም የሚለውን ስሜት ሳይኮሎጂካል ሴፍቲ በሚል ስም የቡድን ጉዳይ አርጋ አቀረበችው። ያን ማታ ስልኩ ጋ ለመድረስ አምስት እርምጃ ያጣሁት እሱን ነው።

እና ቲማችን በየሺፍቱ ሚቀየር ከሆነ ምን ይደረግ? ወር ሙሉ ተጣልተን እስክንግባባ መጠበቅ አንችልም፣ በሽተኛው አይጠብቅም። ስለዚህ የአለም ሆስፒታሎች ያደረጉት ነገር ቢኖር መተዋወቁንና መስማማቱን በደቂቃዎች ውስጥ እንዲያልቅ በወረቀትና ሁሉም በተስማማበት አነጋገር ማሳጠር ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ህክምና ሴፍቲ ቼክሊስት 19 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ከመካከላቸው አንዷ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ስራውን ይናገር ነው ምትለው። ስምንት ከተማ ውስጥ ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ ታንዛኒያ ያለችው ኢፋካራም ነበረችበት፣ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ፣ የኮምፕሊኬሽኑ (ኦፕሬሽኑ ተከትሎት ሚመጣው ችግር) ደሞ ከ11 ወደ 7 በመቶ። ይሄ ሁሉ ስም በመናገር ብቻ ነው እያልኩ አይደለም፣ አንቲባዮቲክ በሰዓቱ መስጠት አለ፣ ስፖንጅ መቁጠር አለ፣ ግን ስሙን አንዴ የተናገረ ሰው ሁለተኛ ለመናገር ይደፍራል። ወረቀቱ እኛም ጋ አለ፣ አንዳንድ ቦታ ኬዙ ካለቀ በኋላ ቁጭ ተብሎ ነው ራይት ራይት ሚደረገው፣ እሱን ተዉት።

ለስልክ ደሞ ኤስባር አለ። መነሻው የአሜሪካ ባህር ኃይል ኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፣ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት ነው ወደ ህክምና ያመጣው። አራት ነገር በቅደም ተከተል፣ አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ካንተ ምን እፈልጋለሁ። እኛ ስንደውል "ዶክተር፣ ያ አባት ደህና አይመስሉኝም፣ እስቲ ቢያዩአቸው" ነው ምንለው፣ ጨዋ ነው ግን ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ምኑን ይያዘው። በኤስባር ሲሆን "ዶክተር፣ ከሜዲካል ዋርድ ነው ምደውለው፣ አልጋ 5 ያሉት አባት ፕሬዘራቸው 80 በ50 ወርዷል፣ ትናንት በኒሞኒያ ነው የገቡት፣ ጠዋት 120 ነበሩ፣ ወደ ሾክ እየሄዱ መሰለኝ፣ አሁኑኑ መጥተህ እንድታያቸው እፈልጋለሁ፣ እስከዛ ፈሳሽ ልጀምር?"። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ሦስተኛዋ ነገር ናት ለኛ ምትከብደው፣ "እኔ ይመስለኛል" ማለት፣ ነርስ ዲያግኖሲስ አይናገርም ተብለን ነዋ ያደግነው።

ሰውየው ካልሰማስ? ቲም ስቴፕስ የሚባል በ2006 አሜሪካ የወጣ ስልጠና ውስጥ ሦስት ደረጃ ያለው አነጋገር አለ፣ ወደኛ ሲመጣ "አሳስቦኛል"፣ ካልሰማ "አልተመቸኝም"፣ ካልሰማ "ይሄ የበሽተኛው ደህንነት ጉዳይ ነው፣ እንቁም"። ሁለቴ ተናግረህ መልስ ካላገኘህ ወደ በላይ መሄድ ስድብ ወይ አሳባቂነት አይደለም፣ ደንብ ነው ይላል። ይሄ ደንብ መሆኑ ነው ለይሉኝታ መድሃኒቱ፣ ምክንያቱም እኔ ደፋር መሆን አይጠበቅብኝም፣ "ደንቡ እንዲህ ስለሚል ነው ዶክተር" እላለሁ፣ ፊቱም አይጠቁርም፣ ፊቴም አይቀላም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ፣ ፀብ ሁሉ ቁጭ ተብሎ በውይይት አይፈታም። ቶማስና ኪልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1974 ግጭት ሚያዝበትን መንገድ አምስት ብለው ከፍለውታል፣ በጉልበት ማለፍ፣ መሸሽ፣ ለሌላው መተው፣ ግማሽ ግማሽ መካፈል፣ እና ሁለቱም ሚያሸንፉበትን አብሮ መፈለግ። ስልጠና ላይ የመጨረሻዋ ብቻ ትሞገሳለች። ልቡ የቆመ ሰው አልጋ ላይ እያለ ግን ኮሚቴ አይቋቋምም፣ አንዱ ያዛል ሌላው ይታዘዛል፣ የሚጣላ ነገ ይጣላ። በስራ ደክሞት ሊፈነዳ ለደረሰ ሰው ደሞ ዛሬ መተው ይሻላል፣ ነገ ቡና ላይ ይነሳል። ችግሩ እኛ ሁለቱን ብቻ ነው ምናውቀው፣ ትልቁ ይጮሃል፣ ትንሹ ይሸሻል።

ያ ኢንተርን በኋላ ጎበዝ ሆነ፣ ሮቴሽኑን ጨርሶ እስኪሄድ አንድ ቀን እንኳን ዩ ፅፎ አያውቅም። ከሄደ በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ልጅ መጣ። ማታ ላይ ቻርት ገለጥኩ፣ 10፣ ከጎኑ ያቺው ፊደል፣ አፏ ገጥሞ። የዲዩቲ ክፍሉን አንኳኳሁ፣ ስሜን ነገርኩት፣ ስሙን ጠየቅኩት፣ ቻርቱን ፊቱ ዘረጋሁና "ይቺ ምን ትልሃለች?" አልኩት።

"ዩ ናት" አለ።

"ለኔ ዜሮ ናት" አልኩት።

ትንሽ ከረር አለ፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው ሚፅፈው ምናምን ሊለኝ ጀመረ፣ ከዛ ቻርቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አርጎ አየውና እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።